አይያዝም

ሰው ሲያቅፈኝ ደስ አይለኝም፤ ያን ቀን ግን የከተማችን የሽንፋ ሰው በሙሉ አቀፈኝ። ሰሊጡ ተሰብስቦ ባዶውን በቀረው ማሳ ዙሪያ የቆመው ሕዝብ በተወጠረው ገመድ ሥር እየሾለከ መጥቶ ከነሞተሬ ሊያነሣኝ ታገለ። የእኔ ዓይን ግን አንዱዓለም ላይ ነበር። ከጎንደር ሞተር የሚያመጣልን አከፋፋይ አንዱዓለም እኔን ትቶ ሁለተኛ የወጣውን ሳጂድን አቅፎት ቆሟል። ያሸነፍኩት እኔ፣ የታቀፈው እሱ። ገና ሄልሜቴን ሳላወልቅ ነገሩ ከነከነኝ።

ውድድሩን ያመጣው ራሱ አንዱዓለም ነው። እህቴ እታፈራሁ ሽንፋ ገበያ ዳር ሞተር ሳይክልና መለዋወጫ ትሸጣለች። እናታችን ከሞተች ወዲህ እኔን ያሳደገችኝም በዚሁ ሱቅ ገቢ ነው። ለዓመታት የምትሸጠው ከባዱንና ዘገምተኛውን፣ ገበሬው ሰሊጥ ጭኖ ሚስቱን ከኋላ አፈናጦ የሚሄድበትን ሞተር ነበር። አንዱዓለም ግን አዲስ ቀይ ሞተር ይዞላት መጣ፤ ቀጭን፣ ቁመተ ረጅም፣ ጎማው ጥርሳም፣ ለጭቃና ለአሸዋ የተሠራ። ሰው የሚገዛው ሲያሸንፍ ያየውን ነው እያለ አሳመናት። እሷም የነበራትን ሁሉ አውጥታ ሱቁን በቀዮቹ ሞላችው። ካልተሸጡ ሱቁ ይዘጋል። የሚያሸንፍላት ነጂ ደግሞ ሩቅ አልነበረም፤ እቤቷ ቁጭ ብሎ እንጀራዋን ይበላል።

ከአብደራፊም ከገለጉም ነጂዎች መጥተው ነበር። የፈራሁት ግን የመተማ ዮሐንሱን ሳጂድን ብቻ ነው። ከሱዳን የገባች አሮጌ ሞተር ይነዳል፤ ሲነዳት ግን አሮጌ አትመስልም። የመጨረሻው መታጠፊያ ላይ ከፊቴ ነበር። ድንገት የሞተሩ ድምፅ ወረደ። ሕዝቡ በራሱ ጩኸት ተደናቁሮ አልሰማውም፤ እኔ ሰምቼዋለሁ። አልፌው ሄድኩ። ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ «አይያዝም! ዋለ አይያዝም!» እያለ ስሜን ጠርቶ ጮኸ፤ ሕዝቡም ከአፉ ተቀበለው።

በማግስቱ አንዱዓለም ቀለም ቀቢ አምጥቶ በየሞተሩ የነዳጅ ታንከር ላይ በደማቅ ቢጫ «አይያዝም» ብሎ አስጻፈ። የሱቃችን ታፔላ ላይም ተጻፈ። ከዚያ በኋላ ለተወሰነ ጊዜ ሱቁ የሠርግ ቤት መሰለ። ጎረምሶቹ ሞተሩ ላይ እየወጡ ፎቶ ይነሣሉ። ሳሉጎቹ፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት የቀን ሠራተኞች፣ ወደ አገራቸው ከመመለሳቸው በፊት እጄን ሊጨብጡ ይሰለፋሉ። ስሜን የማያውቅ አልነበረም። ሞተር የገዛ ግን አልነበረም።

እኔ በመጀመሪያ የጠረጠርኩት ሞተሮቹን ነው። አንዱዓለም ለውድድር የሰጠኝ የተለየ፣ ለሱቅ ያመጣው ደግሞ ሌላ ይሆናል፣ ሰውም ነቅቶበታል አልኩ። ከሱቅ አንዱን አውጥቼ እስከ ማሳዎቹ ድረስ ነዳሁት። ያው ነው፤ ጉልበቱም ያው፣ ድምፁም ያው። ሰውዬውን ሌባ ማለት ባለመቻሌ ይበልጥ ተናደድኩ።

ነገሩን የገለጡልን ጋሽ አለበል ናቸው። ጋሽ አለበል ሰሊጥ አምራች ናቸው፤ ሞተር ሲፈልጉ ከእህቴ ሱቅ ሌላ ደጃፍ አያውቁም። መጥተው ቀዩ ላይ ተቀመጡ፣ መሪውን ወዲያና ወዲህ አሉት፣ ጎማውን በእግራቸው ነካ ነካ አደረጉት። ወደዱት። ከዚያ ጎንበስ ብለው ታንከሩ ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበቡና ቀስ ብለው ወረዱ።

«ደግ ሞተር ነው» አሉ። «ግና እታፈራሁ፣ ይህን ጽፌ ኬላ ስደርስ ፈታሹ ምን የሚለኝ ይመስልሻል? አይያዝም? እስቲ እንያው ነው የሚለኝ።»

እህቴ ጽሑፉን በቤንዚን እንደምታጠፋላቸው ነገረቻቸው። እሳቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከታንከሩ ቢጠፋ አገሩ በሙሉ ይህን ቀይ ሞተር አይያዝም ብሎ መጥራት ጀምሯል፤ እርሻቸውንና ልጆቻቸውን ይዘው በዚህ ዕድሜያቸው ኬላ ለኬላ መበርበር አይፈልጉም። ባርኬ ትቼዋለሁ ብለው ሄዱ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ማይክራፎን የያዘው ሰውዬ የሚቀድመው የለም ማለቱ ነበር። እዚህ ጠረፍ ላይ ግን ስለ ሞተር አይያዝም ሲባል ሰው የሚያስበው ሌላ ነው። ቡናና ነዳጅ በጨለማ የሚያሳልፈውን፣ መንገድ ዘግቶ ሰው የሚያስወርደውን ያስባል። ሞተራችን ስም አወጣ፤ ያወጣው ስም ግን የወንበዴ ነው።

ስሙን የወደዱት ሰዎችም መጡ። ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች አንድ ቀን ገቡ፤ ስለ ጭነትም ስለ መለዋወጫም አልጠየቁም፣ ዋጋም አልተከራከሩም። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሞተሩ እየሄደ መብራቱን ማጥፋት ይቻላል ወይ? እህቴ ሁሉም ሞተሮች ለሰው ተይዘዋል ብላ መለሰቻቸው። ከሄዱ በኋላ የሱቁን በር ከውስጥ ቀረቀረችው። አንዱዓለም በስልክ ይህን ሲሰማ ገዥ የምታባርር ነጋዴ አይቶ እንደማያውቅ ነግሯት ዘጋው።

እኔ ደግሞ ያ የወረደው የሞተር ድምፅ ከጆሮዬ አልወጣ አለ። አንዱዓለም ሳጂድን ያቀፈው ለምንድን ነው? ከፍሎት ይሆን? በሐሰት ያሸነፍኩ ከሆነ ይህ ሁሉ መዓት የመጣብን በሐሰት ነው። ሳጂድ ጋ ደወልኩ። ሞተሩ አቧራ ጠጥቶ ካርቡሬተሩ እንደታፈነበት፣ አንዱዓለምም ያቀፈው ሊያጽናናው እንደሆነ ነገረኝ። አላመንኩትም። ሰው በሌለበት እንደገና እንሽቀዳደም አልኩት። ሳቀና እሺ አለ።

ሽንፋ ወንዝ በበጋ ውኃው ይሸሽና ሰፊ አሸዋ ይቀራል። ማምሻውን እዚያ ተገናኘን። ከሩቅ አሸዋ የሚጭኑ ሰዎች ነበሩ፤ ሌላ ማንም አላየንም። ሳጂድ ካርቡሬተሩን አጽድቶ መጥቶ ነበር። ቀደመኝ። ድገም አልኩት፤ ደግሞ ቀደመኝ። አልተከፈለውም፤ ያሸነፍኩት አቧራ ረድቶኝ ነው። ሳጂድ ትከሻዬን መታ አደረገና ለማንም እንደማይናገር ነገረኝ። እኔ ሞተሬን አስነሥቼ ወደ ቤት ሄድኩ።

እቤት ስደርስ እታፈራሁ የት እንዳመሸሁ ጠየቀችኝ። ገንዳ ውሃ ከተማ ጎማ ላስለጥፍ ሄጄ ነበር አልኳት። ያ ሁሉ ሞተር ያልተሸጠላት ሴት ዘንድ ሄጄ፣ የምትኮሪበት ድል የካርቡሬተር ቆሻሻ ነው እንዴት እላታለሁ? እሷ ሞተሩን አየችው። በጎማው ጥርስ ውስጥ ነጭ የወንዝ አሸዋ ሞልቷል። የገንዳ ውሃ መንገድ እንዲህ ያለ አሸዋ የለውም። ፊቷን መልሳ እራት አቀረበችልኝ።

በማግስቱ ጠዋት ፖሊሶች መጡ። ባለፈው ምሽት ዘራፊዎች በገለጉ መንገድ ሳሉጎች የጫነ መኪና አስቁመው የሰዎቹን ስልክና ደመወዝ ዘርፈዋል። የተዘረፉት የዘራፊዎቹን ፊት አላዩም፤ ሞተሩን ግን «ያ ቀዩ፣ አይያዝም የሚሉት» ብለው ተናገሩ። በሽንፋ ዙሪያ መንገድ ላይ የሚታይ ቀይ ሞተር ደግሞ የእኔ ብቻ ነው፤ ሌሎቹ ሱቅ ውስጥ ቆመዋል።

ወደ ጣቢያ ወሰዱኝ። ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። አስቀመጠኝ፣ ውኃ ሰጠኝ፣ የት እንደነበርኩ ጠየቀኝ። እኔም ገንዳ ውሃ አልኩት፤ አንዴ የዋሸሁትን መልቀቅ አቃተኝ። እታፈራሁን አስጠራት። ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳትለብስ እየሮጠች መጣች። እሷን ሳይ ልቤ አረፈ።

«ወንድምሽ ትናንት ማምሻውን የት ነበር?» አላት።

እታፈራሁ ወደ እኔ ተመለከተች። ከዚያ ዓይኗን ከእኔ ላይ አነሣች።

«ገንዳ ውሃ ነበርኩ ብሎኛል» አለች።

ገንዳ ውሃ ነበር አላለችም፤ ነበርኩ ብሎኛል አለች። ኢንስፔክተሩም ልዩነቱ አላመለጠውም።

«አንቺስ? ታምኝዋለሽ?»

እህቴ ዝም አለች። ዝምታዋ ረጅም አልነበረም፤ ሌላ ሰው ቢሆን ትንፋሽ እየሳበች ነው ይል ነበር። እኔ ግን አውቃታለሁ። ልጅ ሆኜ ጎረቤት ዕቃ ጠፋ ሲባል፣ ዋለን እንዳትነኩት ብላ በር ላይ የቆመች ሴት ናት። አሁን እኔ ሰው አስቁሜ እዘርፍ እንደሆነ እያሰበች ነው። ማሰቧን አየሁት።

«ሳጂድን ጥሩት» አልኩ። «ከእሱ ጋር ነበርኩ።»

ሳጂድ ከመተማ ዮሐንስ ያችን አሮጌ ሞተር እየነዳ መጣ። ገና በሩ ላይ ሳለ ሳይጠየቅ ተናገረ። ወላሂ ከእኔ ጋር ነበር፣ ወንዙ ላይ ስንሽቀዳደም ነው ያመሸን አለ። ኢንስፔክተሩ ወደ ወንበሩ ደገፍ አለና ማን እንደቀደመ ጠየቀው። ሳጂድ አየኝ። ስለ ሱቁ ያውቃል፣ ስላልተሸጡት ሞተሮች ያውቃል።

«እሱ ነዋ» አለ። «ዋለን ማን ይቀድመዋል?»

ኢንስፔክተሩ ብዕሩን አስቀመጠ። ካሸነፈ ታዲያ ለምን ገንዳ ውሃ ነበርኩ ብሎ ዋሸኝ፣ ያሸነፈ ሰው ምን ይደብቃል ሲል ጠየቀ። እውነቱን ነው። ሳጂድ ስሜን አድናለሁ ብሎ ገመዱን አጠበቀብኝ።

«ውሸቱን ነው» አልኩ። «እሱ ነው የቀደመኝ። ደጋግሞ ቀደመኝ። የደበቅሁትም ለዚህ ነው።»

እዚያ ክፍል ውስጥ ስናገረው ከውድድሩ ቀን ጩኸት ይልቅ ጮኾ ተሰማኝ። ኢንስፔክተሩ አተኩሮ ሲያየኝ ቆየና ሳቀ። ሰው አሸንፌያለሁ ብሎ ሲዋሽ ሰምቶ እንደሚያውቅ፣ ተሸንፌያለሁ ብሎ የሚዋሽ ግን እንዳልገጠመው ተናገረ። አሸዋ ጫኞቹንም አስጠይቆ፣ ሁለት ሞተር ወንዙ ላይ ሲመላለስ ማየታቸውን ሲያረጋግጡ ለቀቀኝ። ዘራፊዎቹ ግን እስከ ዛሬ አልተያዙም።

ወሬው ከእኔ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። ዋለ ተያዘ፣ ዋለ ተቀደመ፣ ሁለቱም ባንድ ላይ ተወራ። ፎቶ የተነሡት ጎረምሶች ሳልፍ ይሳሳቃሉ። አንዱዓለም በስልክ ሰደበኝ፤ ለፍቼ ያቆምኩትን ስም በአንድ ጠዋት አፈረስክብኝ አለ።

እታፈራሁ ግን በቤንዚንና በጨርቅ ጽሑፉን ከየታንከሩ ጠረገችው፤ ታፔላውንም አወረደች። ጥቂት ቆይቶ ገበሬዎቹ መምጣት ጀመሩ። የሚያስቀው ነገር፣ አሮጌ የሱዳን ሞተር የሚቀድመው ከሆነ የእኛው የገበሬ ዓይነት ሞተር ነው ማለት ነው ይላሉ፤ እንደዚያ እየቀለዱ ይገዛሉ። አንዱዓለም ይህን ሲሰማ በሩጫ መጣ። አሁን ደግሞ ታንከሩ ላይ «ታማኝ» ብለን እንጻፍ አለ። እታፈራሁ ከሱቋ አስወጣችው።

የፖሊስ ጣቢያውን ነገር ግን እኔና እሷ አናነሣውም። ምሳዬን እንደ ድሮው ታቀርብልኛለች። እኔም እንደ ድሮው ሱቁን እከፍታለሁ። አንድ ቀን ብቻ፣ ዕቃ እየደረደርን ሳለ፣ ድንገት ተናገረች።

«ተቀደምኩ ብትለኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

«አንቺስ፣ ሌባ ነው ብለሽ አስበሻል?» አልኳት።

«አሸዋውን አይቸ ነበር» አለች። ፊቷን ወደ መደርደሪያው መለሰች። ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ ገባኝ፤ እኔም ከእሷ ባልተናነሰ ከፍቶኝ ነበር።

ባለፈው ሳምንት ጋሽ አለበል ተመልሰው መጥተው አንዱን ቀይ ገዙ። ቁመቱን ስላልለመዱት ራሳቸው ሊነዱት አልደፈሩምና እኔ እርሻቸው ድረስ እንዳደርስላቸው ጠየቁ። እግረ መንገዴንም ለሠራተኞቹ የሚከፈለውን ደመወዝ ይዤላቸው እንድሄድ ፈለጉ። ከዚያ እንደ ማፈር አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ወደ እህቴ ዞሩ።

«እንዲያው የሆነውን ሁሉ ስለሰማሁ ነው እታፈራሁ፣ አትቀየሚኝ። ዋለ የሚታመን ነው?»

«የሚታመን ነው ጋሼ» አለች፣ ጥያቄያቸው ገና ከአፋቸው ሲወጣ።

ጋሽ አለበል ደስ ብሏቸው ቁልፉን ሰጡኝ። እኔ ሄልሜቴን እያሰርኩ ፊቷን አየሁት። ፈጥና ነው የመለሰችው፤ በጣም ፈጥና። ያን ፍጥነቷን አላመንኩትም።