ከነሥሩ

«እንዳትቀምሱት!»

የሹፌሩ ትልቅ እህት ከደጅ ዘላ ገባችና መጥበሻውን ከነትኩስ ዘይቱ ወለሉ ላይ ደፋችው። ዘይቱ ተፈናጥሮ የወንድሟን ባዶ እግር ለበለበው። ሚስቱ የያዘችውን ሳህን ለቀቀችው፤ ተንኮታኮተ።

ሹፌሩን ሰፈሩ «ቱርቦ» ነው የሚለው። እንደ መኪናው ቶሎ ይግላል፤ ለመብረድ ግን ጊዜውን ይወስዳል። ዛሬ የዕረፍት ቀኑ ነው። ማልዶ ጫካ ወርዶ እንጉዳይ ለቅሞ፣ አጥቦና ከትፎ፣ «ዛሬ ኩሽና ውስጥ ሴት እንዳላይ!» እያለ ሲፎክር ነው ያረፈደው። ያ ሁሉ ልፋት መሬት ላይ ሲፈስ ዓይኑ ደም ለበሰ።

«እትዬ፣ አብደሻል እንዴ?»

«በረንዳው ላይ የተረፈውን አየሁት! ሽንሽኑን አላየኸውም? ከባርኔጣው ሥር ያለው ሽንሽን ነጭ ነው። አባባ ያመጣልን የነበረው ቡናማ አልነበረም?» እህቱ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሽንሽን አይታ አትስትም።

«ከነጭ ሽንኩርት ጋር ቀቅዬ አይቼዋለሁ። መርዝ ቢሆን ይጠቁር ነበር፤ ሽንኩርቱ አልጠቆረም!»

«ሽንኩርት ምን ያውቃል? ሐኪም ነው? ሥሩስ የታለ?»

«እዚያው ጫካ ቆርጬ ተውኩታ! ባለፈው አፈር አስገባህ ብላ ይህቺ ሴትዮ ቤቱን በጩኸት አናግታው የለ!» አለ ወደ ሚስቱ እየጠቆመ።

«አባባ ከነሥሩ ነቅሎ፣ ገልብጦ ሳያይ አንድም ቀን አምጥቶ ያውቃል? አንተን ግን ማን ይንገርህ! ድሮም ጆሮ አልፈጠረብህም።»

ይሄን ጊዜ ዝም ማለት ነበረበት። ማን? ቱርቦ? ወይ ዝም! በጥፊ አጮላት። ጭንቅላቷ ከመደርደሪያው ጠርዝ ጋር ተላተመ፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ደሙ በአገጯ ወረደ። አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። እሷም ዝም ብላ የምትመታ አልነበረችም፤ የመክተፊያውን ጣውላ አንስታ ትከሻውን ነረተችው። አንገቷን አንቆ ከግድግዳው ጋር አጣበቃት። ሚስቱ ጀርባው ላይ ተንጠለጠለች።

«ልቀቃት! ገደልካት እኮ! ሰው የለም ወይ!»

ለቀቃትና ቢላዋውን አነሳ። ሚስቱ እህቱን ወደ ኋላ ሳበቻት።

«አሁን ሄጄ ሥሩን ቆፍሬ አመጣለሁ» አለ፤ «ፊትሽ ላይ ነው የምወረውረው! ከዚያ በኋላ ሁለተኛ ቤቴን እንዳትረግጪ!»

ግቢ ውስጥ ትንሿ ልጁ ሚጡ ገመድ እየዘለለች ነበር። ሳያያት አልፎ ወጣ።

ጫካው ከሰፈሩ ጀርባ ነው። በመንገዱ ሁሉ እህቱን ሲሰድብ ሄደ። ጠዋት በቢላ የቆረጣቸውን የእንጉዳይ ግንዶች ከዛፉ ሥር አገኛቸውና ተንበርክኮ ዙሪያውን ቆፈረ። ከአፈሩ ውስጥ ነጭ ከረጢት ወጣ፤ ግንዱ የተሰበረ እንቁላል ውስጥ የቆመ ይመስል ነበር። ሌላውንም ቆፈረ። ያው ነው። አባቱ ይህን ከረጢት ባየ ቁጥር እጁን ሁለት ጊዜ ይታጠብ ነበር። «ይሄ መርዝ ሲገባ ዝም ነው» ይል ነበር፤ «ሆድህ መጮህ ሲጀምር መሽቶብሃል።»

እንኳንም ደፋችው፣ አለ በሆዱ። ወዲያው ቢላዋውን ጥሎ ብድግ አለ። ሚጡ!

ጠዋት ሚስቱ ልብስ ስታሰጣ፣ ልጅቷ ሱሪውን እየጎተተች «አባዬ አቅምሰኝ፣ አባዬ አቅምሰኝ» እያለች አላስቆም አላስቀምጥ ብላው ነበር። ከቀቀለው መጀመሪያ ራሱ ቀመሰ። ከዚያ እፍ እፍ ብሎ በማንኪያ አጎረሳት። «ለማንም እንዳትናገሪ፤ እማዬን እናስደንቃታለን» ብሏት ነበር።

ሥሩን በእጁ ይዞ ተመለሰ። ሚጡ አሁንም ትዘላለች፤ ጉንጯ ቀልቷል፣ ትስቃለች። የራሱን ሆድ ዳበሰ፤ ምንም አይሰማውም። ደህና ነን እኮ፣ አለ። አንድ ማንኪያ ምን ያደርጋል? ይህን ሥር አጥሩ ሥር ቢጥለው ማን ያያል? እህቱ ተሳስታ ትቀራለች፤ እሱም በጥፊ መምታቱን ማንም እንደ ጥፋት አይቆጥርበትም። ሥሩ ላይ ያለው አፈር በመዳፉ ላብ ተለወሰ። ልጅቷ ዘላ ዘላ ሲደክማት እጇን አወዛወዘችለት። ሥሩን አጥብቆ ያዘ።

ገባ። ሚስቱ ስባሪውን ትጠርጋለች፤ እህቱ እርጥብ ጨርቅ ከንፈሯ ላይ ይዛ ወንበር ላይ ተቀምጣለች።

«እህ፣ ወርውረዋ!» አለችው።

ሥሩን ከነአፈሩ ንጹሑ የጠረጴዛ ልብስ ላይ አስቀመጠው።

«ቀምሻለሁ» አለ። «ሚጡንም አቅምሻታለሁ።»

«ወይኔ ልጄን!» ሚስቱ መጥረጊያውን ጥላ ተከመረችበት። ደረቱን ደበደበችው፣ ፊቱን ቧጠጠችው። እጆቹን ወደ ታች ጥሎ ቆመላት።

«በኋላ ትገድይዋለሽ!» አለች እህቱ። ለስፌት የመጣላትን ቁራጭ ጨርቅ ከኪሷ መዝዛ ሥሩን ጠቀለለችው። «ይሄ ለሐኪሙ ነው። አሁኑኑ! ደህና ነን ብትሉም እንሄዳለን።»

ሚጡ ጩኸቱን ሰምታ ከበሩ ብቅ አለች። የአባቷን የተቧጠጠ ፊት አየችና ገመዷን ጣለች።

«አባዬ፣ እኔ አልተናገርኩም እኮ!»

«እኔ ተናግሬያለሁ፣ የኔ ልጅ» አለና አፈፍ አድርጎ አቅፏት ወደ መኪናው ሮጠ።