የእማዬ አውራ ጣት

ደግሞ እኮ በእርጅና ነው የሚለው መዝገቡ፣ በምጥ አይደለም፣ በደም መፍሰስ አይደለም፣ በእርጅና፣ ሁለት ሺህ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ትናንት ማለት እኮ ነው፣ በስመ አብ፣ እናቴን ስትወልድ ሞተች ሲባል የኖረችው አያቴ በሞባይል ዘመን በሕይወት ነበረች፣ ደውዬ ላገኛት እችል ነበር፣ ሃሎ አያቴ፣ ሞተሻል ይላሉ፣ እውነት ነው?

ሚኒባሱ ከደብረ ወርቅ ከተነሣ ጀምሮ አፌ አልተከደነም፣ ሹፌሩ በመስታወት እያየኝ ይስቃል፣ ዜማ፣ የእህቴ ልጅ፣ የገፋ ሆዷን በሁለት እጇ ደግፋ፣ አክስቴ ተይ እንጂ ሰው ያየናል ትላለች፣ ይየና፣ ዓይን ለምኑ ተሰጠው፣ ለሁሉም አውርቻለሁ፣ አያቴ ከሞተች በኋላ ስልሳ ምናምን ዓመት ኖረች ስል ከኋላ የተቀመጠው ዲያቆን ተአምር ነው ብሎ አማተበ፣ ተአምር አይደለም የኔ ጌታ፣ መዝገብ ነው፣ ማኅተም ያለበት። ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ከሁሉም በላይ እኔ።

አንድ ነገር ግን አላወራሁም። አንዷን ብቻ።

ነገሩን ያመጣችው ነርሷ ናት፣ ዜማን ስትመረምር ከቤተሰብ በወሊድ የሞተ አለ ወይ አለቻት፣ አለ፣ የአያቴ እናት፣ በምን፣ ደም ፈሷት ነው፣ ግፊት ነው፣ ማን ያውቃል፣ በዚያ ዘመን ስትወልድ ሞተች ከተባለ ተባለ ነው፣ በምን ብሎ የሚጠይቅ የለም፣ ዜማ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የላት፣ ባሏ አበረ ቁረሺ እያለ ይለምናታል፣ እህል አትቀምስ፣ በዘራችን አለ አክስቴ፣ በዘራችን አለ ትለኛለች፣ እኔ ይቺን ቃል አውቃታለሁ፣ ይቺ ቃል የኔ ናት፣ ከሷ በፊት እኔ ነኝ ያልኋት፣ እና ተነሺ አልኋት፣ የሞተ ሰው የትም አይሸሽም፣ ሄደን እንፈልጋታለን።

እማዬ ግን አትሂዱ አለች። የሞተ ሰው ምን ያደርግላችኋል አለች፣ የነጠላዋን ጫፍ እያኘከች።

መጀመሪያ አምበር፣ የወንድ አያቴ የአካለ ወልድ አገር፣ ቀበሌው ጓዳ ውስጥ በደርግ ጊዜ ገበሬ ማኅበሩ ቤት ለቤት ሰው የቆጠረበት ወረቀት አለ፣ አቧራው ሰው ይቀብራል፣ ዜማ ታነባለች እኔ አስነጥሳለሁ፣ እኔማ ፊደል የቆጠርሁት መሠረተ ትምህርት ላይ ነው፣ ያውም ግማሹን፣ አባወራ አካለ ወልድ፣ ሚስት፣ እሷ የእማዬ እንጀራ እናት ናት፣ ልጆች፣ ከዚያ ከታች የቀድሞ ሚስት ሸጊቱ ገዳሙ፣ መንኩሳ ደብረ ወርቅ የገባች፣ ጠላ ጠጥቶ ነው የቆጠረው አልሁ፣ የሞተ ሰው ማን ይቆጥራል፣ ዜማ ግን ወረቀቱን አልለቅ አለች።

እና ደብረ ወርቅ። ልደትና ሞት የሚመዘገብበት ቢሮ፣ አንዷለም የሚባል መልከ መልካም ጎረምሳ፣ እናቴ ይቀመጡ አለኝ፣ እናቴ አትበለኝ፣ አልወለድሁህም፣ ማንንም አልወለድሁም፣ ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እንግዲያውስ እትዬ ልበልዎት አለ፣ እሱ ይሻላል፣ ተቀመጥሁ፣ መዝገቡን ገለጠ፣ ገለጠ፣ እማሆይ ሸጊቱ ገዳሙ፣ መነኩሲት፣ የሞቱበት ምክንያት እርጅና፣ እልልታዬን ለቀቅሁታ! ከጎን ካለው ክፍል ሰው ሮጦ መጣ፣ ጋብቻ ነው? የለም፣ ሞት ነው፣ ለሞት እልል የምትል ሴት ዛሬ አየን አሉ፣ ዜማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች፣ ሳቀች፣ አፍንጫዋን በእጄ ጠረግሁላት፣ ለአበረ ልንገረው ብላ ስልኳን ይዛ ወጣች።

አሁን ሳስበው ጅሏ እኔው ነኝ፣ ሰው ሲመነኩስ ፍትሐት እንደሚፈታለት የማያውቅ ማን አለ፣ በቁሙ የሙታን ጸሎት ይደገምለታል፣ ለዓለም ሞተ ማለት ነው፣ ወንድ አያቴ በዚያው ተዝካሯን አወጣ፣ ዳስ ጥሎ፣ ሚስቱ አራስ ቤት ጥላበት ገዳም ገባች ከሚባል ሞተችበት ቢባል ይሻለዋላ፣ አገሩ በላ፣ ጠጣ፣ ተዝካር የበላ ሰው ደግሞ ሟችን ዞሮ አይጠይቅም፣ ነፍስ ይማር ብሎ አፉን ጠርጎ ይሄዳል፣ እማዬም እናቷን የበላች ልጅ እየተባለች አደገች።

እሺ። ይሄን ሁሉ አውርቼዋለሁ።

ያላወራሁት፣ ዜማ እንደወጣች አንዷለም ጣቱን ከወረቀቱ ግርጌ አሳረፈ፣ ያስመዘገቡትም ልጃቸው ናቸው አለኝ፣ የማን ልጅ፣ የእማሆይ፣ አመተ ሥላሴ አካለ ወልድ ይላል፣ ፊርማ የላቸውም፣ አውራ ጣት ነው። አየሁት። ሰማያዊ ቀለም፣ መሐሉን ነጭ መሥመር አግድም አቋርጦታል፣ ያንን መሥመር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ፣ ጤፍ ስታጭድ ማጭድ የበላት ነው፣ ያን ለት ከቀሚሴ ቀድጄ ያሰርሁላት እኔ ነኝ፣ ፊደል ላይ እደናቀፋለሁ፣ የእናቴን ጣት ግን አነባለሁ።

እማዬ። አልቅሳ ቀብራት፣ ወጥታ አስመዝግባት፣ ቤት ገብታ ውሃ ስጡኝ ያለች እማዬ።

ለካ ኅዳር ጽዮን በመጣ ቁጥር በሶዋን ቋጥራ ለብቻዋ ደብረ ወርቅ የምትወርደው ለዚህ ኖሯል፣ ስለት አለብኝ እያለች፣ አንዴ ልጅ ሆኜ እያለቀስሁ ተከተልኋት፣ ከገዳሙ አጥር ሥር አንዲት መነኩሴ፣ ቢጫ ቀሚስ፣ ጉልበታቸውን ሳሚ አለችኝ እማዬ፣ ሳምሁ፣ ጨርቃቸው ጥቁር አዝሙድ ጥቁር አዝሙድ ይላል፣ ራሴን ዳበሱኝ፣ የማን ናት አሉ፣ የኔ አለች እማዬ፣ ተያዩ፣ ሽምብራ ሰጡኝ፣ የአያቴን ጉልበት ስሜ ሽምብራዬን ስቆረጥም ወደ ቤቴ መጣሁ፣ ወይ ጉድ፣ ወይ የኔ ነገር።

አምበር ደረስን፣ የሚወርድ አለ? ይላል ሹፌሩ፣ ድሮ እኔ ነበርሁ የምወርደው፣ ባሌ የነበረው ሙላት እዚህ ነው፣ ከባሕር ዛፉ ጀርባ ቆርቆሮው ይታያል፣ ልጆች ከደጁ ይራወጣሉ፣ የልጅ ልጆቹ ይሆናሉ፣ ደጉ ሙላት፣ ልጅ ውለጂልኝ ሲለኝ እግዜር ሲፈቅድ እያልሁ በድብቅ የመከላከያውን መርፌ ስወጋ ኖርሁ፣ አንድ ቀን ካርዱን አገኘው፣ አልመታኝም፣ ቢመታኝ ይሻል ነበር፣ ልጅ እኮ ነው የለመንሁሽ አለኝ፣ እሞታለሁ አልሁት፣ በዘራችን አለ፣ ጠቅልዬ እናቴ ቤት ገባሁ፣ እማዬ ያን ለት አጠገቤ ተቀምጣ የእናቴ ነገር ነው አይደል ያስፈራሽ አለችኝ፣ አዎ አልሁ፣ አፏን ከፈተች፣ አየኋት፣ ቃሉ ምላሷ ላይ ነበር፣ ከዚያ ነጠላዋን ነክሳ ዋጠችው። ዋጠችው! ያኔ እኮ ገና ነበርሁ፣ ወገብ ነበረኝ፣ ሙላት ደጅ ላይ ሽማግሌ ይዞ ቆሞ ነበር፣ አንዲት ቃል፣ እናቴ አልሞተችም የምትል አንዲት ቃል፣ ሮጬ እመለስ ነበር።

ስልኬ ይጮኻል። እማዬ።

የት ደረሳችሁ፣ አምበር፣ አገኛችሁ፣ አገኘን እማዬ፣ አሟሟቷን አገኘን፣ ያስመዘገበውን ሰው ጣት ሳይቀር አገኘን። ተገዝቼ ነው ጥሩዬ፣ ስወለድ ትንፋሽ አልነበረኝም አለችኝ፣ ይቺ ልጅ ከተነሣችልኝ ዓለም በቃኝ ብላ ለእመቤታችን ተሳለች፣ ተነሣሁ፣ ገዳም ገባች፣ ዘመድ እንዳይሰማ ብላ ገዘተችኝ፣ መቼ ነው ያወቅሽ አልኋት፣ አንቺ ሳትወለጂ፣ ከሞተችስ በኋላ፣ የገዘተው ሞቶ ማን ይፍታው፣ ግዝት ለልጅ ይተርፋል፣ ለናንተ ፈርቼ ነው ልጄ።

ለኛ ፈርታ።

አፌ፣ ያ ገበያ የሚበትን አፌ፣ ደረቀ። ዜማ ታየኛለች፣ አክስቴ ምን ሆንሽ፣ አያቴ ምን አለች፣ ውሸት ነው እንዴ መዝገቡ፣ ይኸው፣ ፊቷ ተመልሶ ጠቆረ፣ ወረቀት ለአንድ ቀን ነው የሚያጽናና፣ ምጡ ሲመጣ ሰው ወረቀት አያምንም፣ የሰው ድምፅ ነው የሚያምን፣ አውቀዋለሁ፣ እኔን የጎደለኝ ወረቀት አልነበረም።

በይ ስሚኝ እማዬ፣ ለዜማ ንገሪያት፣ በራስሽ አንደበት፣ እናቴ ወልዳኝ ኖራለች፣ አርጅታ በእጄ ቀበርኋት በያት። ግዝቱስ ትላለች፣ ግዝቱ በኔ ላይ ይሁን አልኋት፣ ለልጅ ይተርፋል አላልሽም? እኔ ምን ልጅ አለኝ።

ስልኩን ሰጠኋት። ዜማ ጆሮዋ ላይ ለጠፈችው፣ አያቴ? አለች፣ ከዚያ ትሰማለች፣ እኔ የእማዬ ድምፅ ቅጥነቱ ብቻ ነው የሚደርሰኝ፣ ቃሉ አይደርሰኝም፣ የዜማን እጅ አያለሁ፣ ሆዷን ጨምድዶ የኖረው እጅ ጣት በጣት ሲላላ፣ ለኔ መባል የነበረበት ቃል ነው፣ በሌላ ሰው ጆሮ ሲገባ ቁጭ ብዬ እያየሁት፣ ይግባ፣ ይግባላት፣ ምነው ዝም አሉ እትዬ ይለኛል ሹፌሩ በመስታወቱ፣ አንተም ዝም በል፣ እናቴ እየተናገረች ነው።