የበረንዳው ሰንሰለት

አርዲት የማትፈራው ነገር የለም። ሰባ ዓመት ሙሉ አውሎ ነፋስ በማይጠፋበት በነብራስካ ምድር ኖራ፣ ዛሬም ሰማዩ አረንጓዴ መስሎ ከታያት የቤቱን ሰው ሁሉ ወደ ምድር ቤት ትነዳለች። የልጅ ልጇን ብሮዲን እንዳያንቀው ብላ ወይን ፍሬ እየሰነጠቀች ነው ያሳደገችው። አሁን ጢም አውጥቶ፣ እህል ጎተራ ውስጥ የሚሠራ ጎረምሳ ሆኖ እንኳ፣ ከበር በወጣ ቁጥር «ቀስ በል!» ትለዋለች። አንድም ቀን ሳትል ቀርታ አታውቅም።

ታዲያ ቃሏ ረከሰ። ሲጮህ የሚያድር ውሻ፣ ሌባ የመጣ ዕለትም የሚሰማው የለም። ይህን ራሷም ታውቀዋለች።

ሟቹ ባሏ ኦርቪል ሁለት መኪና ትቶ ነው የሞተው። አንደኛዋ በወጣትነቱ የነዳት ሰማያዊ ባለሁለት በር ናት፤ ሞተሯ ከተቃጠለ ጀምሮ መጋዘን ውስጥ ሸራ ለብሳ ተኝታለች። ሁለተኛው መኝታና ምድጃ ያለው የጉዞ ቤት-መኪና ነው፤ ጣሪያው አፍስሶ፣ አይጥ ወልዶበት፣ ከረዥሙ ሣር መሃል ቆሟል። ብሮዲ የቤት-መኪናውን ሞተር አውጥቶ ለሰማያዊቷ ሊገጥምላት ተነሳ።

«ያ ሞተር እኮ ቤት ተሸክሞ ሲሄድ የኖረ ነው» አለች አርዲት። «ይህችን ለምታክል መኪና ያ ሁሉ ጉልበት ምን ያደርግላታል?»

«ያስበርራታል!» አለ ብሮዲ።

እሷም የፈራችው ይህንኑ ነበር።

ጎረቤታቸው ሃርላን ሞተሩን በትራክተሩ አንጠልጥሎ ሲያመጣ፣ አርዲት የወጥ ቤቱን እሳት ማጥፊያ አቅፋ ቆማለች።

«እሳቱ የታለ አርዲት?» አላት ሃርላን።

«እስኪነድ ልጠብቅልህ?»

«ባለፈው ወንዙ ሊወስደን ነው ብለሽ ዶሮዎቼን ቆጥ ላይ አሰቀልሽኝ። ይኸው እስከ ዛሬ አንወርድም ብለዋል!»

ብሮዲ ከሳቁ የተነሳ መፍቻው ከእጁ ወደቀ።

ቅዳሜ ጧት ሞተሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲያጓራ የመጋዘኑ ቆርቆሮ ተንቀጠቀጠ። ኮፈኑ ክፍት ነበር። ብሮዲ መሪው ጋ ተቀምጦ ነዳጅ ሰጠ። ያኔ አርዲት አየችው። ሞተሩ በግራ ጎኑ ብድግ አለ፤ የተኛ አውሬ ትከሻውን ሲያነሳ ይመስላል። ነዳጁ ሲቀነስለት ተመልሶ ተኛ።

«አጥፋው! አጥፋው ብሮዲ!»

«ምን ሆንሽ አያቴ?»

«ሞተሩ ከመቀመጫው ብድግ አለ።»

«ደስ ብሎት ነዋ፤ ስንት ዓመት ተኝቶ!»

«ሞተሩ የተቀመጠበት የጎማ ትራስ አርጅቷል ልጄ። ለውጠው።»

«እሱማ አይነካም። ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረ የራሷ ጎማ ነው። ነገ አደባባዩ ላይ ምን ብለው ነው የሚጠይቁኝ? ‹ስንቱ የራሷ ነው?› ነው የሚሉት።»

እውነቱን ነው። በየእሁዱ አሮጌ መኪኖች አደባባዩ ላይ፣ ፍርድ ቤቱ ፊት፣ ለትዕይንት ኮፈናቸውን ከፍተው ይሰለፋሉ፤ ሽማግሌዎቹም ታጣፊ ወንበራቸውን ይዘው መጥተው የእያንዳንዱን ቡሎን ዘር ማንዘር ይመረምራሉ።

«እንግዲያው ሞተሩን ከመኪናዋ ሻንሲ ብረት ጋር በሰንሰለት እሰረው።»

«እንደ ውሻ? ሃርላን ‹ይነክሳል እንዴ?› ብሎ መሳቂያ ያደርገኛል!»

አርዲት የሚያስፈራትን ሁሉ ስትለፈልፍ ኖራለች። የወንድሟን የቨርልን ነገር ግን ተንፍሳው አታውቅም። ብሮዲ የሚያውቀው በመኪና መሞቱን ብቻ ነው።

«ቨርል ይሄው ጎማ ነው የተበጠሰበት» አለች። ድምጿ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ሞተሩ ሲነሳ የነዳጁን ዘንግ ስቦ ተነሳ። እግርህን ብታነሳ ምን ዋጋ አለው? መኪናዋ ራሷ ለራሷ ነዳጅ ትሰጣለች። ከጎተራው ግንብ ጋር ተጣብቆ ስናገኘው፣ ሁለቱም እግሮቹ ፍሬኑ ላይ ነበሩ።»

ብሮዲ ጎንበስ ብሎ ጎማውን በአውራ ጣቱ ጫን ጫን አደረገው።

«ይሄኛው ግን ደህና ነው አያቴ። ነይ እዪው።»

አላመናትም። ያ ሁሉ የወይን ፍሬ፣ ያ ሁሉ ደመና፣ ያ ሁሉ ዶሮ በአንድነት መጥቶ አፏን የዘጋት መሰላት።

«በል እንዋዋል» አለችው። «ይቺን አንድ ሰንሰለት እሰርልኝ። ከእንግዲህ ቀስ በል አልልህም። ስለ ዝናብ የለ፣ ስለ መብረቅ የለ፣ አፌን እዘጋለሁ።»

«ስለ አውሎ ነፋስም?»

በመጋዘኑ በር ወደ ሰማዩ አየች። «ስለ አውሎ ነፋስም።»

ሳቀ። «ሰንሰለቱ የታለ?»

ቤት ውስጥ ሰንሰለት አልነበረም። ከሃርላን ይምጣ ቢባል ደግሞ ልጁ እስከዚያው ሐሳቡን ይቀይራል። መሰላል ስታይ የሚያዞራት ሴትዮ መሰላል ላይ ወጣችና፣ ከኦርቪል ጋር ማታ ማታ ይቀመጡበት የነበረውን በሰንሰለት የተንጠለጠለ የበረንዳ ዥዋዥዌ ፈታ አወረደችው። ብሮዲ እየሳቀ ሰንሰለቱን ወጥሮ በቡሎን አሰረ።

ሊሞክራት ሲነሳ አርዲት ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች።

«አላወራም ብለሽ የለ?»

«መቀመጥ ወሬ አይደለም።»

የኮረቱ መንገድ በበቆሎው መሃል ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጫፉ ላይ ቨርል የተላተመበት ነጩ ጎተራ ቆሟል። አርዲት ዓይኗን ከግንቡ ላይ መንቀል አቃታት። ግንቡ እያደገ መጣ። ብሮዲ ፈገግ ብሎ አያትና ነዳጁን ረገጠው።

ከኮፈኑ ስር ቋ! የሚል ድምፅ መጣ።

መኪናዋ ተንዘፈዘፈች። አርዲት ልትጮህ አፏን ከፈተች፤ ድምፅ ግን አልወጣም። ብሮዲ እግሩን አነሳ። ለአንድ አፍታ ጩኸቱ ያው ነበር፤ አልቀነሰም። ከዚያ ብረት ብረትን ጎተተ፣ ሞተሩም አጉረምርሞ ወረደ። ከመንገዱ ዳር ያለው ቦይ አፋፍ ላይ ደርሰው ቆሙ።

ብሮዲ ኮፈኑን ከፈተ። የግራው የጎማ ትራስ እንደ ደረቀ ዳቦ ለሁለት ተገምሷል። ሞተሩ የተንጠለጠለው በዥዋዥዌው ሰንሰለት ላይ ነው። ከቀለበቶቹም አንዷ ልትላቀቅ አፏን ከፍታለች።

ብሮዲ እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ፤ እንደገና ጠረገው።

እሁዱ በሞተሩ ጎማ ቅየራ አለፈ። ሰንሰለቱንም በወፍራም ሰንሰለት ለወጠው፤ ሰው ይሳቅ ብሎ በግላጭ ተወው። በሚቀጥለው እሁድ ወደ አደባባዩ ሲነሳ፣ አርዲት ዥዋዥዌ በሌለው በረንዳ ላይ ቆማ ነበር። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። ከንፈሯን ነክሳ ዝም አለች። ተዋውላለቻ።

መኪናዋ አጥሩ በር ላይ ስትደርስ ቆመች። ብሮዲ አንገቱን በመስኮት አወጣ።

«አያቴ! የረሳሽው ነገር የለም?»

«ተዋውለናል እኮ!»

«እኔ መሄድ አቃተኝ!»

«ቀስ በል!» ብላ ጮኸች። የሞተሩ ጩኸት ቃሉን ዋጠው። እሱ ግን ከንፈሯን አይቶ ራሱን ነቀነቀና ወጣ።

አቧራው ሰከነ። ድምፁም ራቀ፣ ጠፋ። አርዲት ግን ጆሮዋን ወደ መንገዱ እንደቀሰረች እዚያው ቆማ ቀረች።