የመትወሊ ርግቦች

ሸውቂ ካይሮ ውስጥ ጣሪያው ላይ ርግብ ያረባል፤ ጎረቤቱ መትወሊም እንዲሁ። በርግብ አርቢዎች ደንብ የሌላውን ርግብ በራሱ መንጋ አባብሎ ያወረደ ሰው የራሱ ያደርጋታል። ሁለቱም ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ሲዘራረፉ ሸብተዋል።

አንድ ቀን መትወሊ ርግቦቹን በሙሉ በቅርጫት ይዞ የሸውቂ በር ላይ ቆመ።

«ውሰዳቸው። ጉልበቴ ደረጃ መውጣት እምቢ አለኝ።»

«በስንት?»

«በነጻ።»

«አንተና ነጻ? ምን ሸርበህ ነው የመጣኸው?»

«ወይ አንተ ሰው! ጥርጣሬ ይግደልህ» አለና መትወሊ እያነከሰ ሄደ።

ሸውቂ ጣሪያው ላይ ወጥቶ የእያንዳንዷን አፍ ከፍቶ አሸተተ፤ ክንፏን ገልጦ ቅማል ፈለገ። አንዳች እንከን አጣ። ለዓመታት የቋመጠላት ነጯ ርግብ እንኳ እጁ ላይ ጭጭ ብላለች። ይሄኔ ጭራሽ ጠረጠረ። ተንኮሉን ፍለጋ ወደ መትወሊ ጣሪያ ቀና ሲል ባዶ ሰማይ አየ። የሚያባብለው ርግብ የለ፣ የሚሰድበው ሰው የለ። ነጯ ድንገት ተራ ዶሮ መሰለችው።

ቅርጫቱን ተሸክሞ ሄደና የመትወሊን በር ደበደበ።

«ና፣ ደግፌ ጣሪያህ ላይ ላውጣህ። ጥሬያቸውንም በየቀኑ እኔ አወጣልሃለሁ።»

መትወሊ ዓይኑን አጠበበ። «ምን አስበህ ነው?»

«ልዘርፍህ ነዋ!»