ከቀኑ አስር ሰዓት የተቀዳ ደም

ኢክላስ ሀይደር ሁለት ዓመት ሙሉ ዓይኗን ያፈሰሰችበትን ሥራ ለአባቷ ማስረዳት አቅቷታል። አባቷ መቱ ገበያ አጠገብ ቆርቆሮና ሚስማር የሚሸጡ የስልጤ ሰው ናቸው፤ በእጅ የማይጨበጥ ነገር ሥራ አይመስላቸውም። እሷ ግን ትኮራበታለች። የተቀጠረችበት የግል ላቦራቶሪ ናሙና የሚመዘግብበትና ውጤት የሚለቅበት ሲስተም አለው። በየወረዳው ያሉት ክሊኒኮች ደግሞ የየራሳቸው አሮጌ ፕሮግራም አላቸው፤ ከሲስተሙ ጋር አይግባቡም። ኢክላስ የጻፈችው ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ፕሮግራም ላይ የሚጫን የኮድ ጥቅል፣ በመካከላቸው የሚቆም አስተርጓሚ ነው። ክሊኒኩ ፕሮግራሙ ላይ ይጭነዋል፤ ከዚያ ወዲያ የላከው ደም ምን እንደተገኘበት ዳሪሙን በመሰለ ሩቅ ወረዳ ቁጭ ብሎ ያያል። ድሮ ውጤት የሚሄደው በሚኒባስ ሹፌር ኪስ ነበር።

በተለይ ሰዓት አስጨንቋት ነበር። ሲስተሙ ባሕር ማዶ የተሠራ ስለሆነ የሚያውቀው የፈረንጅ ሰዓት ብቻ ነው። «የገጠር ሰው ስድስት እየደመረ ለምን ይሰቃያል?» ብላ ላይብረሪው ራሱ እንዲቀይር አደረገችው። ክሊኒኩ የጻፈውን ሁሉ በአገሩ ሰዓት ነው ብሎ ይቀበላል። ይህን ግን መመሪያው ላይ አላሰፈረችም። ሰው በገዛ ሰዓቱ እንዲጽፍ ይነገረዋል እንዴ!

ጥንቃቄም ነበራት፤ ገና ያልደረሰ ሰዓት ከተጻፈ ቀይ ማስጠንቀቂያ ይወጣ ነበር። ነበር ነው እንግዲህ። ሥራው ለባለሥልጣናት በታየ ቀን የአዳራሹ ኮምፒውተር ሰዓቱ የተዛባ ስለነበር ቀዩ ጽሑፍ በየደቂቃው ብቅ ይል ጀመር፤ ሰው ሳቀ። የላቦራቶሪው ባለቤት አቶ ሙሉብርሃን ጠጋ ብለው «ይኼን ቀይ ነገር አጥፊልኝ» አሏት። አጠፋችው። ነገ እመልሰዋለሁ አለች፤ ነገ ሌላ ሥራ መጣ።

ዳሪሙ ባለችው ክሊኒክ ደም የሚቀዱት ጋሽ ኩምሳ ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ማይክሮስኮፕ ላይ ያጎነበሱ ሰው። የድሮው የወረቀት ቅጽ የሚሞላው በፈረንጅ ሰዓት ነበርና መቱ ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉትን ልጆች ላለማስቸገር ራሳቸው ቀይረው መጻፍ ለምደዋል። ይሉኝታቸው ነው ጉድ ያደረጋቸው።

ላይብረሪው በተጫነ ማግስት ተጂቱ የምትባል የስምንት ወር ነፍሰ ጡር መጣች። እግሯ አብጧል፣ ራሷን ይፈልጣታል። ጋሽ ኩምሳ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ደሟን ቀዱ፤ በፈረንጅ አስር ይሆናል ብለው አስር ጻፉ። ላይብረሪው ደግሞ ከቀኑ አስር ሰዓት ብሎ አስተላለፈው። ደሙ በሞተር መቱ ደርሶ ሰባት ሰዓት ላይ ምርመራው አለቀ። ውጤቱ አስደንጋጭ ነበር። ሲስተሙ ግን ገና ያልተቀዳ ደም ውጤት አይለቅም፤ አስር ሰዓት እስኪሆን ይዞት ተቀመጠ። ጋሽ ኩምሳ «በመጠባበቅ ላይ» የሚለውን ጽሑፍ ሲያነቡ ዋሉ። ቢደውሉም የስልክ ተቀባይዋ መልስ «ሲደርስ ሲስተሙ ላይ ያዩታል» ብቻ ሆነ። ውጤቱ መጥቶ አምቡላንስ እስኪገኝ ቀኑ መሸ፤ ተጂቱ ሆስፒታል ሳትደርስ ከነልጇ መንገድ ላይ ሞተች።

ኢክላስ በማግስቱ መዝገቡን ከፍታ ሁሉንም አየች። ወደ አቶ ሙሉብርሃን ቢሮ ሄደች።

«ሲስተሙ ነው ወይስ ሰውዬው?» አሉ አቶ ሙሉብርሃን።

«ሰዓቱን ሁለቱም ቀይረውታል፤ እሳቸውም ላይብረሪውም። ማስጠንቀቂያው ቢኖር ኖሮ…»

«እሱን ከእኔና ካንቺ በቀር ማን ያውቃል? በሚቀጥለው ወር ሃያ አራት ክሊኒክ ሊጭነው ነው፤ ስምሽ አለበት። እሳቸው ጡረታቸው ደርሷል። ሰዓቱን የጻፈው ማን ነው?»

«ጋሽ ኩምሳ።»

«በቃ፣ እሱን ጻፊ።»

ጻፈች። ማንም እጇን አልጠመዘዘም፤ ፈራች፣ ሥራዋንም ወደደች፣ ሪፖርቱ ላይ «የተጠቃሚ ስህተት» ብላ ፈረመች። የዚያኑ ዕለት ቀዩን ማስጠንቀቂያ ወደ ቦታው መለሰችና የላይብረሪው የለውጥ ዝርዝር ላይ «ጥቃቅን ማሻሻያዎች» ብላ አለፈችው። ክሊኒኩ ጋሽ ኩምሳን በደብዳቤ ከላቦራቶሪ አንስቶ ካርድ ክፍል አስቀመጣቸው።

በሦስተኛው ሳምንት ጋሽ ኩምሳ ደወሉላት።

«አካም ጅርታ፣ ኢንታላ ኮ? እንዴት ነሽ፣ ልጄ? ደብዳቤው ተሳስተሃል ይላል እንጂ ምን እንዳጠፋሁ አይልም። ማሎ፣ እባክሽ፣ የሠራሽው አንቺ ነሽና ንገሪኝ። የተጂቱ ባል ፊት ባዶ አፌን እንዳልቆም።»

«ባሏ ጋ ሊሄዱ ነው እንዴ?»

«እሁድ ሽማግሌ አስከትዬ፣ እርጥብ ሳር ይዤ ይቅርታ ልለምነው ነው። በእኛ ወግ ጥፋተኛ ጥፋቱን በገዛ አፉ ነው የሚናገረው።»

«እኔ ነኝ» ልትላቸው ነበር። ሃያ አራቱ ክሊኒኮች ትዝ አሏትና ተወችው።

«ሰዓት ነው ጋሼ። ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት ተሳስተው ነው የጻፉት፤ ውጤቱን ያዘገየው እሱ ነው።»

«ቆይ፣ ልጻፈው» አሉ። እስክሪብቶ ሲፈልጉ ተሰማት። ከዚያ በእርጋታ አነበቡላት፤ «ሰዓቱን ተሳስቼ ጻፍኩ፤ ውጤቱን ያዘገየሁት እኔ ነኝ። ልክ ነው፣ ልጄ?»

«ልክ ነው» አለች ኢክላስ።