ለዘለቄታው

«እማዬ፣ ይሄን መድኃኒት የምጨርሰው መቼ ነው?»

ብሎ ጠየቀኝ ልጄ።

ፀጉር አስተካካይ ነው። እጁ መንቀጥቀጥ የጀመረ ሰሞን ደንበኞቹ፣ «ዛሬ ፀጉሬን ነው ጆሮዬን የምትቆርጠው?» እያሉ ይቀልዱበት ነበር። አብሯቸው ይስቃል። ኋላ የተረከዙ ጅማት አብጦ አረማመዱ እንደ ሰካራም ሲወላገድ የሚቀልድ ጠፋ።

ሐኪም ቤት ወስደነው፣ ሐኪሟ በሽታው የዘር ነው አለችን። ሰውነቱ አንዱን የቅባት ዓይነት በወጉ መፍጨት ስለማይችል ትርፉ ነርቩ ላይ ይከማቻል። ከእኔም ከሟቹ አባቱም ነው የወረሰው፤ እኛን ግን አንድ ቀን እንኳ አሞን አያውቅም። መድኃኒቱን ሰጥታው፣ «ለዘለቄታው ነው የምትወስደው» አለችው።

ስንመለስ መንገድ ላይ ለሁላችንም እንግዳ የሆነውን ቃል የፈታችልን ምራቴ ናት። መድኃኒቱ ነርቩ ድረስ ዘልቆ እስኪገባ ማለቷ ነው አለች። ደስ አለን። ጠዋት ጠዋት ሲውጥ፣ «ዘለቀ?» ትለዋለች። «ኧረ ገና፣ ጉልበቴ ጋ አረፍ ብሏል» ይላታል። ወንበሩን ለባልደረባው በአደራ ሰጥቶ፣ እጄ ሲድን እመለሳለሁ ብሎት ነበር።

እኔ የጎልማሶች ትምህርት ጀምሬያለሁ። አንድ ቀን መምህራችን ሰሌዳው ላይ «ለዘለቄታው» ብሎ ጻፈ። ፊደሎቹን አንድ በአንድ ለቅሜ ከሁሉ ቀድሜ አነበብኩት። አጨበጨቡልኝ። ትርጉሙን ሲጠይቀኝ የምራቴን ነገርኩት።

«አይ እናቴ» አለኝ ቀስ ብሎ፣ «ለሁልጊዜ ማለት ነው።»

ቤት ስገባ ልጄ ፊቴን አይቶ ምን ሆነሻል አለኝ። ነገርኩት። ተያይዘን ሐኪሟ ዘንድ ሄድን። እሷም አልደበቀችንም። መድኃኒቱ በሽታው እንዳይገፋ ያቆመዋል እንጂ የተጎዳውን እጅ አይመልስም፤ ካቋረጠው ደግሞ ይብስበታል።

ከዚያ ወዲህ መዋጥ ተወ። በጠባኸው ጡት ብዬ ለመንኩት። ምራቴ እግሩ ላይ ወደቀች።

«አንቺ ዕድሜ ልክሽን ልታስታምሚኝ አልወለድሽኝም፤ እሷም ለዚህ አላገባችኝም» አለኝ። እጁን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገው። መንቀጥቀጡ እስከ አንገቴ ተሰማኝ።

በማግስቱ ከገበያ ስንመለስ የለም። መድኃኒቱን ትቶት ሄዷል። የት እንዳለ እስከ ዛሬ አናውቅም። ወላጆቿ ነይ ቢሏትም ምራቴ እኔ ጋ ቀርታለች።