ባለ ዶሮው ካውያ

«እሱን መልስ» አለች መንበረ፣ ፊቷን እንኳ ሳታዞር።

ዘመድኩን የጓሮው በር ላይ ቀጥ ብሎ ቀረ። ኮቱ ሥር የሸጎጠው ፋኖስ መስተዋት ስለሌለው አላቃጨለም። ለመንበረ ግን ድምፅ አያስፈልጋትም፤ የባሏን አረማመድ ታውቃለች።

«ወደ ቤት ልመልሰው?»

«ወደ መኪናው።»

ፋኖሱን ይዞ እየተጎተተ ተመለሰና ላዳዋ ውስጥ፣ ከኮርቻውና ከተሰነጠቀው ገበቴ መሃል አስቀመጠው። ቡታጅራ ላይ ቅዳሜ ጠዋት ነው። መንበረ ከማለዳ ጀምሮ ስትጭን፣ ዘመድኩንም ከማለዳ ጀምሮ ሲያራግፍ፣ መኪናዋ እስካሁን ግማሽ ላይ ናት።

ነገሩ ያለው ክፍሉ ላይ ነው። «የምሥራቅ ክፍል» ይባላል፤ ልጃቸው ምሥራቅ አግብታ አዲስ አበባ ከገባች ወዲህ ግን ክፍሉ ውስጥ ምሥራቅም የለች፣ አልጋዋም አይታይ። አልጋው አለ፤ ከሥር ነው። ከላዩ የላምባ ማሾ አለ፣ የማይሠራ ራዲዮ አለ፣ ከዚያ ራዲዮ ዕቃ ለመፍታት የተገዛ ሌላ የማይሠራ ራዲዮ አለ፣ ክዳን የሌለው ሳጥንና ሳጥን የሌለው ክዳን አለ። ምሥራቅ ደግሞ ወሯ ገብቷል። በሚቀጥለው እሑድ እናቷ ቤት ልትታረስ ትመጣለች። አራስ የምትተኛበት አልጋ ላይ አሁን ኮርቻ ተኝቷል።

ዘመድኩን ዕድሜውን የፈጀው ግሬደር ሲነዳ ነው። ከአረቅጥ እስከ ወልቂጤ የጠረገውን መንገድ ሌላው ሰው እየሄደበት እሱ ድንኳን ውስጥ ሲያድር ኖረ፤ ንብረቱም አንዲት ሻንጣ ነበረች። ጡረታ ወጥቶ ቤት ሲቀመጥ፣ ቤት ማለት ዕቃ የሚገባበት መሆኑን አንድ ቀን የተረዳ ይመስላል። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር ላዳዋን አስነስቶ ቡኢ ገበያ ነው፤ አንዳንዴም ወልቂጤ። ማታ ሲመለስ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ብዙውን ጊዜም ኪሱ ነው ባዶ የሚሆነው።

መንበረም ዝም አላለችም። እሱ በወጣበት ቅዳሜ «ልዋጭ!» እያለ በሰፈሩ የሚያልፈውን ሀቢቡን በር ከፍታ ታስገባዋለች። ከኮተቱ መሃል አንድ መርጣ ትሰጠውና የላስቲክ ዕቃ ትቀበላለች። ማሾውን በሳፋ፣ አንዱን ጣሳ በጆግ፣ የከሰል ካውያውን ደግሞ በሕፃን መታጠቢያ ለወጠች። የመታጠቢያው ቀለም ሮዝ ነው፤ ወንድ ከተወለደም ይታጠብበታል። ዘመድኩን አንድም ቀን «የት ገባ?» አላለም። ይህም መንበረን አስደስቷትም አናዷትም ነበር፤ መጥፋቱን የማያውቀውን ዕቃ ነው እንግዲህ ቤት ሙሉ የሚያከማችባት።

በመጨረሻ ትናንት ማታ ቁርጡን ነገረችው። «ነገ አብሬህ እሄዳለሁ። አትገዛም፣ ትሸጣለህ።»

አሁን ከክፍሉ የመጨረሻውን ሸክም ይዛ ስትወጣ እጇ ላይ ማሾ አለ። ቆም አለች። ማሾውን በሳፋ ለውጣዋለች።

*ሁለት ነበረው ማለት ነው*፣ አለች በልቧ። መጠየቅ አትችልም።

«ምን ሆንሽ?» አለ ዘመድኩን።

«ምንም።»

«እኔ ኮተት አበዛሁ ትያለሽ፤ ይሄ ሁሉ ሳፋ ግን ከየት መጣ?»

«ሳፋ ሥራ ይሠራል» አለችና የመኪናዋን በር ዘጋችው።

ከቡታጅራ ቡኢ ሩቅ አይደለም። ከዘመድኩን ጋር ግን ሩቅ ነው። መንገድ ዳር የቆመ አሮጌ ጋሪ ባየ ቁጥር ፍሬን ይይዛል፣ ከኋላ ያለው ሚኒባስ ጥሩምባውን ያንባርቃል፣ መንበረ «ንዳ» ትላለች። ቡኢ ሲደርሱ «ንዳ» ብላ ብላ ጉሮሯ ደርቋል።

አሮጌ ዕቃ ተራ ከገበያው ዳር ነው። ሸራቸውን ያነጠፉት የሃፊዛ መደብ አጠገብ ነው። ሃፊዛ ከወገቧ ሰፋ ያለች፣ ክምሯን እንደ ልጅ የምትቆጣ ሴት ናት፤ ከቆርቆሮ ጥላዋ ሥር የተሰበረ የስፌት መኪና፣ የሚዛን ድንጋይ፣ የበር ቁልፍና ብረት ምጣድ ተቆልሎ እስከ ደረቷ ይደርሳል። ዘመድኩንን ስታየው ፊቷ በራ። «ጋሽዬ፣ ዛሬ ከእትዬ ጋር ነው የመጡት? እሰይ» አለችና ቶሎ ብላ ክምሯ ላይ አንድ ጆንያ ጣል አደረገች። መንበረ ጆንያውን አየችው። ጥርጣሬዋ ግን ሴትዮዋ ብዙ ሸጣበታለች ከሚል አላለፈም።

የመጀመሪያው ገዢ ጫማው ነጭ የሆነ፣ ፀጉሩን በፋሽን የተቆረጠ ወጣት ነው። ወልቂጤ ላይ ክትፎ ቤት ሊከፍት ነው፤ ስሙ ሚኪያስ። ይህን ሁሉ ሳይጠየቅ ነው የተናገረው። ከዚያ ኮርቻውን በእግሩ ነካ አደረገው።

«ፋዘር፣ ይሄ ስንት ነው?»

«ፈረስ አለህ?» አለ ዘመድኩን።

«ኧረ የለኝም።»

«ታዲያ ኮርቻ ምን ያደርግልሃል?»

«ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነዋ።»

ዘመድኩን ይህን አሰበበት። «የግራ ጎኑን አይጥ በልቶታል» አለ።

«ችግር የለውም። እንደውም እሱ ነው የሚያምረው። ያረጀ ይመስላል።»

«አርጅቷል እኮ።»

«ዘመዴ» አለች መንበረ፣ «ዋጋ ነው የጠየቀህ።»

«ሰምቻለሁ። ልጄ፣ እንዲሁ ነው የምትሰቅለው?»

«ትንሽ ቫርኒሽ አስነካዋለሁ።»

«አይሸጥም» አለ ዘመድኩን።

መንበረ ዓይኗን ጨፈነች። ስትገልጠው ሚኪያስ ትከሻውን ሰብቆ ወደ ሃፊዛ ክምር ዞሯል፤ ዘመድኩን ደግሞ የኮርቻውን አቧራ በእጅጌው ይጠርጋል።

«አንተ ራስህ ፈረስ የለህም» አለችው።

«እኔ መች ሰቀልኩት?»

መልስ ልትሰጠው አፏን ስትከፍት ሚኪያስ ጆንያውን ገልጦ ከሥሩ የከሰል ካውያ መዥርጦ አወጣ። ክዳኑ መቆለፊያ ላይ የነሐስ ዶሮ ቆሞበታል። ዶሮው ቁንጮው ተሰብሯል። የእንጨት እጀታው ተሰንጥቆ በሰማያዊ የመብራት ሽቦ ተጠምጥሟል።

መንበረ ወዲያው አወቀችው። ያ ካውያ አሁን ቡታጅራ፣ በሯ ጀርባ፣ ሮዝ የሕፃን መታጠቢያ ሆኖ ቆሟል።

ዘመድኩን ከተቀመጠበት ተነሣ። ጉልበቱን ያመዋል፤ በዚህ ፍጥነት ሲነሣ ያየችው ድሮ ነው። ካውያውን ከወጣቱ እጅ ቀስ አድርጎ ተቀብሎ አገላበጠው።

«መንበረ፣ ነይ እስቲ እዪ። የእኛው ካውያ መንትያ።»

«የእኛው?»

«ባለ ዶሮው። ቤት ያለው። ቁንጮው እንኳ እንደኛው ተሰብሯል። ፋብሪካው ነው መሰለኝ እንዲህ አድርጎ የሚያወጣው።»

«ሽቦውንም ፋብሪካው ነው ያሰረው?» አመለጣት።

«እሱ ነው የገረመኝ» አለ ዘመድኩን። ሽቦውን በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «እኔም እጀታው ሲሰነጠቅብኝ ልክ እንዲህ ነው ያሰርኩት። አጠማጠሙን እዪው፤ ማንም ሰው እንዲህ አያስርም። የሚያስብ ሰው ነው።»

ራሱን እያመሰገነ ነው፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም የለም። መንበረ «የራሳችን ነው» ብትል «ታዲያ ማን አመጣው?» ይላል። ዝም ብትል የገዛ ቤታቸውን ካውያ በገንዘብ ሊገዛ ነው።

«ቤት አንድ እያለ ሁለተኛው ምን ይሠራል?» አለች።

«አንዱ ሲበርድ በሌላው ትተኩሺያለሻ። ያን ሰሞን መብራት ጠፍቶ የምትሰፊው የተማሪዎች ዩኒፎርም ሲደርስብሽ የጎረቤታችንን የሰብለን ካውያ ተውሰሽ የለ? የራሳችን እያለ ለምን እንደተዋስሽ አልጠየቅኩሽም።»

እዚህ ላይ አያት። ከዚያ ወደ ካውያው ተመለሰ።

ሚኪያስ «እኔ ነኝ ቀድሜ ያነሣሁት» ብሎ ዋጋ ጠራ። ዘመድኩን ጨመረበት። ሚኪያስ ጨመረ። ዘመድኩን ሲሸጥ ዋጋ አይወጣውም፤ ሲገዛ ግን ምላሱ ይፈታል። ሃፊዛ ከመደቧ ጀርባ መሬት መሬት እያየች ነጠላዋን ጠቀለለች፣ ፈታች። በመጨረሻ ወጣቱ «ለዝገት ይሄን ያህል?» ብሎ ትቶት ሄደ፤ ዘመድኩንም የራሱን ካውያ ከአዲስ ካውያ በሚበልጥ ዋጋ ገዝቶ በፌስታል አስገባና ለመንበረ ሰጣት።

«ያዢልኝ። ወዲያ ማዶ ያሉትን አየት አድርጌ መጣሁ።»

«አትገዛም ተባብለናል።»

«ማየት ነው» አለና ሰው መሃል ገባ።

መንበረ ፌስታሉን ይዛ ቆመች። ሸራው ላይ የዘረገፉት ዕቃ ጠዋት እንደነበረ ነው፤ አንድ አልተሸጠም። ይልቁን አንድ ጨምሯል።

«እትዬ፣ አይናደዱ» አለች ሃፊዛ።

«ምን ያናድደኛል።»

«ዋጋው እንዲህ የሚወጣ አልነበረም። ለጋሽዬ ደብቄ ያስቀመጥኩት ነው። ያ ቀውስ ልጅ ጎልጉሎ አወጣብኝ።»

«አስቀምጪልኝ ብሎሽ ነበር?»

«ሁሌ ነዋ። ሀቢቡ ከቡታጅራ የሚያመጣውን ለሌላ ሰው አልሸጥም። ማሾውን ወስደዋል፣ ጣሳውን ወስደዋል። ባለፉት ሁለት ቅዳሜዎች ወልቂጤ ሄደው ነው እንጂ ካውያውም እስካሁን ቤቱ ነበር።» ሃፊዛ የመንበረን ፊት አይታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «አያውቁም ነበር እንዴ? ወላሂ፣ አፌን በቆረጠው።»

«ቀጥዪ።»

«ምኑን እቀጥላለሁ? ቤት አዲስ የላስቲክ ዕቃ ሲያዩ በቅዳሜው እዚህ ናቸው። ‹ሃፊዛ፣ ሰሞኑን ጆግ ነው የገባልን፤ ምን መጣ?› ይሉኛል። እኔም አወጣላቸዋለሁ።»

መንበረ መኪናዋ ውስጥ ያለውን ማሾ ዞር ብላ አየችው። ሁለት ማሾ ኖሮ አያውቅም። እሷ ታወጣለች፣ እሱ ከነበረበት ቦታ ይመልሳል፤ ክፍሉ ደግሞ ከመጨናነቁ ብዛት ዕቃው ሲወጣም ሲመለስም ያው ነው። ለወራት ሁለቱ ሲደክሙ የተጠቀሙት ሀቢቡና ሃፊዛ ናቸው። ትርፉ ሳፋ ነው።

«ለምን አልነገረኝም?» አለች። ሃፊዛን አልነበረም የጠየቀችው፤ ሃፊዛ ግን መለሰች።

«እኔም ብያቸው ነበር። ‹ተዪ› አሉኝ። ‹ልጅቷ ልትመጣባት ነው፣ ተጨንቃለች። ስታወጣ ቀለል ይላታል።› ደግሞ እውነቱን ልንገርዎትና፣ ደስ ይላቸዋል። ቢቀመጥላቸው ሰልችቷቸው ነበር። እዚህ መጥተው ክምሩን ሲቆፍሩ ካላዩዋቸው አያምኑኝም። አንድ ቀን ወዲያው አውጥቼ ብሰጣቸው ቅር አላቸው። ‹ምናለ ትንሽ ብፈልገው› አሉኝ።»

መንበረ አልሳቀችም። ለመሳቅ ገና ብዙ ይቀራታል። ፌስታሉን መሬት አስቀመጠችና ወደ ላዳዋ ሄዳ በሯን ከፈተች። ራዲዮውን አወጣች፤ ራዲዮውን የሚያክመውን ራዲዮ አወጣች። ሳጥኑን፣ ክዳኑን፣ ገበቴውን፣ ፋኖሱን፣ ማሾውን አወጣች። ሁሉንም ሃፊዛ መደብ ላይ ደረደረችው፤ ከሸራው ያለውንም ሰብስባ ጨመረች።

«እትዬ፣ ይሄን ሁሉ የምገዛበት የለኝም።»

«አልሸጥኩልሽም። አንቺ ጋ ይቀመጥ። የሚገዛ ከመጣ ሽጪና ድርሻሽን ያዢ። ልጁ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ ግን ከዚህ ውስጥ አንዲት ብረት ቡታጅራ እንዳትመጣ።»

«ጋሽዬ ሲመጡስ?»

«ይምጣ። የአራስ ቤት ሴት ይበዛበታል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚሄድበት ያስፈልገዋል። ይቆፍር፣ ይገላብጥ። ሲያገኘው መልሶ እዚሁ ያኑረው።»

«ለሀቢቡስ?»

«ለሀቢቡ እኔ እነግረዋለሁ። ሳፋ በቅቶናል።»

ሸራው ላይ የቀረው ኮርቻው ብቻ ነው። መንበረ በሁለት እጇ አነሣችው፤ አይጥ የበላው ጎኑን አየች። ከዚያ መልሳ የላዳዋ የኋላ ወንበር ላይ አስቀመጠችው። እሱ እንኳ መኪናዋ ውስጥ መኖር ይችላል።

ቀና ስትል ዘመድኩን ከገበያው ሕዝብ መሃል ብቅ ብሏል። የኮቱ አንድ ጎን አብጧል፤ የሚራመደውም ጠዋት የጓሮውን በር ሊያልፍ ሲል እንደተራመደው ነው። ከሩቅ አያትና ፈገግ አለ፣ ባዶ እጁን አውለበለበላት።

ፌስታሉን ከመሬት አንሥታ ካውያውን አወጣች። ሰማያዊው ሽቦ አንድ ቦታ ላልቶ ነበር፤ በጣቷ ጠምዝዛ አጠበቀችውና ለሃፊዛ ሰጠቻት።

«ይሄ እኮ ተከፍሎበታል» አለች ሃፊዛ።

«አውቃለሁ። ቶሎ በይ፣ መጣ። ከሁሉም ሥር ክተቺው።»

«ከስፌት መኪናው ሥር?»

«ከዚያም በታች» አለች መንበረ። «በአንድ ቅዳሜ እንዳያገኘው።»